የወልወል ጉድጓዶች ጥያቄና የድሬዳዋ ሐዲድ

የድንበር ነገር በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የጦር አዛዦች ውሎ፣ የዲፕሎማቶች ንግግርና የካርታ ክርክር ነው። በድንበሩ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ከየት ቀድቶ እንደሚጠጣ፣ ከብቱን የት እንደሚያሰማራ፣ ከጎረቤቱ ጋር በምን ሕግ ተስማምቶ እንደሚኖር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታት መንደር በዓለም መንግሥታት ማኅበር መዝገብ ላይ ስሟ ደጋግሞ የተጻፈ፣ የባለቤትነቷ ጥያቄ ግን ለዳኛ እንዳይቀርብ በታላላቅ መንግሥታት ስምምነት የተከለከለባት መንደር ናት። ስሟም ወልወል ይባላል።

ወልወል ከድሬዳዋ በቀጥታ መስመር ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ለሚሠራው ሠራተኛና በከተማይቱ ቀበሌዎች ለሚኖረው ሕዝብ ጉዳዩ የሩቅ ሊመስል ይችል ይሆናል። ነገር ግን ሐቁ ሌላ ነው። ለምን ቢሉ፣ በ1927 ዓ.ም. የወልወል ዕጣ በተቆረጠበት የኢምፔሪያሊስቶች ገበታ ላይ አብሮ ከቀረበው ሸቀጥ አንዱ ድሬዳዋን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነበርና ነው። ስለሆነም የመንደሪቱን መልክዓ ምድርና ታሪክ ሥር መሠረቱን ይዞ መመርመር ለሠራተኛው አንባቢ ተገቢ ይሆናል።

መሬቱና ውሃው

ወልወል ዛሬ በሶማሌ ክልል፣ በዶሎ ዞን፣ ከወርዴር ከተማ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። አካባቢው ከሐረር ደጋ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ ቀስ በቀስ የሚያዘቀዝቀው የኦጋዴን ሰፊ ሜዳ አንዱ ክፍል ነው። አፈሩ ቀይና አሸዋማ፣ ዕፀዋቱ እሾሃማ ግራርና ቁጥቋጦ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በአቅራቢያው የለም፤ ዋቢ ሸበሌ ራሱ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

አርብቶ አደሩ ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ከሚያዝያ ወር አንሥቶ የሚዘንበው ዋናው ዝናብ ጉ ይባላል። ክረምት በደጋው ሲጠነክር በኦጋዴን ሐጋ የተባለው ደረቅና ነፋሻ ወቅት ይገባል። በጥቅምትና በኅዳር አጭሩ ዝናብ ዴር ይከተላል። ከዚያም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ጂላል የተባለው ብርቱ የበጋ ወቅት ይነግሣል። በዝናቡ ወራት ሣርና ኩሬ በየሜዳው ስለሚገኝ ሕዝቡ ከነከብቱ ይበተናል። ጂላል ሲገባ ግን ኩሬው ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ሰውና ግመል የሚተርፈው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ወዳለበት ከተሰበሰበ ብቻ ነው።

እንግዲህ የወልወል ቁሳዊ መሠረት ይህ ነው። ወልወል ቤተ መንግሥት ወይም የንግድ አደባባይ ሆና አልተመሠረተችም። ከምድር ሥር ውሃ ስላለባት፣ ሕዝብም ያንን ውሃ በጉልበቱ ቆፍሮ ስላወጣው የተገኘች የጉድጓዶች መንደር ናት። ውሃ ቀጂው ከጉድጓዱ እያወጣ በገንዳ ይገለብጣል፤ ግመሉ፣ ፍየሉና በጉ ተራውን ጠብቆ ይጠጣል። የጉድጓዱ ተራ፣ የእንግዳው ድርሻ፣ ጠብ ሲነሣ የሚከፈለው ካሳ፣ ይህ ሁሉ ሔር በተባለው የሶማሌ ሕዝብ የስምምነት ሕግ ይዳኛል። በዚህ ሕግ መሠረት ጉድጓድ ባለቤት አለው፤ የተጠማ መንገደኛና ወዳጅ ጎሣም በድርድር ይጠጣበታል። እንዲህ ያለውን ሥርዓት በማስመሪያ ከሁለት ለመክፈል የሚሞክር ሁሉ በጂላል ወራት የአንዱን ወገን ሕይወት ይቆርጣል ማለት ነው። ድንበር ያሠመሩት ኃይሎች ያላገናዘቡት ሐቅ ይህ ነበር።

በወረቀት ላይ የተሠመረው መስመር

ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የጣልያን መልእክተኛ ኔራዚኒ ስለ ደቡብ ምሥራቁ ወሰን ተነጋገሩ። የተስማሙበት አሳብ ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ 180 ማይል፣ ማለት 290 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ከባሕሩ ጎን ለጎን የሚሄድ መስመር ነበር። መስመሩ በካርታ ላይ ተሠምሮ ነበር፤ ነገር ግን ያ ካርታ በኋላ ክርክር በተነሣ ጊዜ ለማስረጃ ሊቀርብ አልቻለም። በዚያው ዓመት እንግሊዝ በበኩሏ የራሷን የሶማሌ ጥገኛ ግዛት ወሰን ከምኒልክ መንግሥት ጋር ተዋዋለች።

ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጣልያን ሁለተኛ ውል ፈረሙ። ይህ ውል ከዋቢ ሸበሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው ወሰን የ1889ኙን መስመር እንዲከተል፣ ወደ ጠረፉ ያሉት ጎሣዎች በጣልያን ሥር እንዲሆኑ፣ ኦጋዴን ግን በሙሉ የኢትዮጵያ እንዲሆን ደነገገ። ጣልያንም ሦስት ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። መስመሩ በምድር ላይ በምልክት እንዲከለል ውሉ ቢያዝም፣ አብዛኛው ሳይከለል ቀረ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። አንደኛው፣ ከውሉ ቃልም ሆነ ከጠረፉ ርቀት አንጻር ሲታይ ወልወል ከወሰኑ ወደ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ገብታ በኢትዮጵያ ምድር ላይ መገኘቷ ነው። ሁለተኛው፣ በ1889ም ሆነ በ1900 ዓ.ም. ስለ ግጦሹና ስለ ውሃው አርብቶ አደሩ ራሱ በተዋዋይነት አለመቀመጡ ነው። የኢምፔሪያሊስቱ መንግሥት መሬቱን ለቅኝ ግዛት ይፈልገዋል፤ የፊውዳሉ አገዛዝ ደግሞ ጠረፉን በግብር ጊዜ እንጂ በትምህርት፣ በሕክምናና በመንገድ ጊዜ አያስታውሰውም ነበር። መስመሩ ያልተከለለ፣ ሕዝቡም የተረሳ በመሆኑ በሩ ለወራሪው ክፍት ሆኖ ቆየ።

የፋሽስት ጣልያን መንግሥት ይህንን ክፍተት በሚገባ ተጠቀመበት። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረመ፤ ጠብ ቢነሣ በእርቅና በግልግል ዳኝነት እንዲያልቅም ቃል ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየተሻገረ በኦጋዴን ውስጥ ምሽግ መሥራት ጀመረ። በወልወልም የጦር ሠፈር አቋቁሞ ባንዲራውን ሰቀለ። በዚያ ምድር ጉድጓዱን የያዘ ሰውንም ከብትንም ይዟልና፣ ወረራው በጥይት ከመጀመሩ በፊት በውሃ ተጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ኅዳር 1927

በ1927 ዓ.ም. መባቻ ላይ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የጋራ ወሰን ኮሚሲዮን በኢትዮጵያና በእንግሊዝ ሶማሌላንድ መካከል ያለውን ድንበር ሲከልል ቆይቶ የአርብቶ አደሩን የግጦሽ ቦታ በማጥናት ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ወገን መሪ ፊታውራሪ ተሰማ ባንቴ፣ የእንግሊዝ ወገን መሪ ሌተናል ኮሎኔል ክሊፎርድ ነበሩ። ኮሚሲዮኑ ኅዳር 14 ቀን ወልወል ሲደርስ የተቀበለው የጣልያን ምሽግ ነው። የምሽጉ አዛዥ ካፒቴን ቺማሩታ አላሳልፍም አለ። የጣልያን አውሮፕላኖች በኮሚሲዮኑ ሠፈር ላይ ዝቅ ብለው በማንዣበብ አስፈራሩ። ኮሚሲዮኑ ተቃውሞውን በጽሑፍ ገልጦ ወደ አዶ ሲያፈገፍግ የኢትዮጵያ አጃቢ ጦር ከምሽጉ ፊት ለፊት፣ በጥቂት ርቀት ቀረ።

ሁለቱ ጦሮች ለአሥር ቀናት ያህል ተፋጥጠው ከቆዩ በኋላ ኅዳር 26 ቀን ከቀትር በኋላ ተኩስ ተከፈተ። የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሰው ማን እንደሆነ እያንዳንዱ ወገን ሌላውን ሲከስ ኖሯል። የማያከራክረው ግን ከምሽጉ በስተጀርባ ብረት ለበስ መኪናና አውሮፕላን መዘጋጀቱ ነው። ከመቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በዚያች ዕለት ወደቁ።

ከጣልያን ወገን የወደቁትስ እነማን ነበሩ? ይህ ጥያቄ የመደብን ዓይን ይጠይቃል። በምሽጉ ውስጥ በአብዛኛው የተሰለፉት ዱባት የተባሉት ነጭ ጥምጥም የሚያስሩ የሶማሌ ቅጥር ወታደሮች ነበሩ። በኢትዮጵያ ወገንም የተሰለፈ ሶማሌ ነበር። ከእነዚህም ስሙ የሚነሣው ዑመር ሰመተር ነው። ዑመር ሰመተር በ1918 ዓ.ም. በኤል ቡር የጣልያንን ቅኝ አገዛዝ በመቃወም ያመፀውን ሕዝብ የመራ፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ ትግሉን የቀጠለ አርበኛ ነበር። ስለሆነም በወልወል የተደረገውን ውጊያ የአማራና የሶማሌ፣ የክርስቲያንና የእስላም ጠብ አድርጎ ማቅረብ ሐሰት ነው። ቅኝ ገዥው የድኻውን ልጅ በጥቂት ደመወዝ ገዝቶ በወንድሙ ላይ አስተኮሰ፤ ነቅቶ እምቢ ያለው ደግሞ ከወንድሙ ጎን ተሰልፎ ታገለ።

የሙሶሊኒ መንግሥት ታኅሣሥ 2 ቀን ያቀረበው የካሳ ጥያቄ የዚህ ማስረጃ ነው። የሐረርጌው ሹም ደጃዝማች ገብረ ማርያም ወልወል ድረስ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁና የኢትዮጵያ ወታደሮች ለጣልያን ባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ፣ 200 ሺህ ጠገራ ብር እንዲከፈል፣ ጥፋተኛ የተባሉት እንዲቀጡ፣ ዑመር ሰመተርም ተይዞ እንዲሰጥ ጠየቀ። በሰው ምድር ላይ ምሽግ የሠራው ባለ ምሽግ ካሳ ጠያቂ ሆነ። ሙሶሊኒ በዚያው ወር፣ ታኅሣሥ 21 ቀን፣ ለሹማምንቱ ባስተላለፈው ምስጢራዊ መመሪያ ግቡ ኢትዮጵያን ሙሉ በሙሉ መያዝ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ወልወል ሰበብ እንጂ ምክንያት አለመሆኗ ከዚህ ይታወቃል።

በገና ዕለት የተደረገው ገበያ

ኢትዮጵያ በ1920ው ውል መሠረት ነገሩ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ብትጠይቅ ጣልያን አሻፈረኝ አለች። በዚህ ምክንያት ታኅሣሥ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. ጉዳዩ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ተባለበት። አቤቱታው በቀረበ በአራተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 29፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ የገናን በዓል በሚያከብርበት ዕለት፣ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫልና ሙሶሊኒ በሮም ተቀምጠው ስምምነት ተፈራረሙ።

በዚያ ስምምነት ፈረንሳይ ለጣልያን ከሊቢያ በስተደቡብ ያለ የበረሃ ምድር፣ በባብ ኤል መንደብ በኩልም ከጅቡቲ ግዛት ጠባብ የጠረፍ መሬትና ዱሜራ የተባለችውን ደሴት ለመስጠት ተስማማች። ከዚህም ጋር ከጅቡቲ አዲስ አበባ የምድር ባቡር ኩባንያ 2,500 አክሲዮን ለጣልያን እንዲተላለፍ ተወሰነ። ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ውስጥ ከባቡሩ በቀር ሌላ የኢኮኖሚ ጥቅም እንደማትሻም ላቫል ለሙሶሊኒ አረጋገጠ። ሙሶሊኒ ይህንን ቃል እንደፈለገ ሂድበት የሚል ፈቃድ አድርጎ ቆጠረው።

የድሬዳዋ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እግረ ተራራው ላይ ሲደርስ የተቆረቆረች የሠራተኛ ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ በወዛደሩ ላብ ተዘረጋ። ሆኖም የሐዲዱ አክሲዮን በውጭ ከበርቴ እጅ ስለነበር፣ ባለቤቶቹ አገሪቱን ሳይጠይቁ ለወራሪዋ ሊያካፍሉት ቻሉ። የወልወል ጉድጓድ በጠመንጃ፣ የድሬዳዋ ሐዲድ በብዕር፣ ሁለቱም በአንድ ክረምትና በጋ መካከል በአንድ እጅ ሥር ለመግባት መንገድ ጀመሩ። ዳር ድንበርና የኢኮኖሚ ነፃነት አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ዳኞቹና ሠላሳው ቀን

ከብዙ ማመላለስ በኋላ የግልግል ዳኞች ኮሚሲዮን ተቋቋመ። ሁለት ዳኞች በኢትዮጵያ፣ ሁለት ዳኞች በጣልያን በኩል ተሰየሙ። የኢትዮጵያ ወገን ጠበቃ፣ ወልወል የማን መሆኗ ሳይታወቅ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እንዴት ሊታወቅ ይችላል ብሎ ቢከራከር፣ የጣልያን ወገን ይህ ጥያቄ ከተነሣ እንወጣለን አለ። ክርክሩ በሐምሌ ወር ተቋረጠ። ያን ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ሐምሌ 27 ቀን 1927 ዓ.ም. ባደረገው ስብሰባ ኮሚሲዮኑ የወሰንን ጥያቄ እንዳይመረምር ወሰነ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ሰው ሌሊት የጎረቤቱን አጥር ጥሶ ገባ፤ በግቢው ውስጥ ድብድብ ሆነ፤ ነገሩ ወደ ዳኛ ሲቀርብ ዳኛው ግቢው የማን እንደሆነ እንዳይጠይቅ ታዘዘ። እንዲህ ያለው ችሎት ሊሰጥ የሚችለው ፍርድ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አምስተኛው ዳኛ ግሪካዊው ፖሊቲስ ከተጨመሩ በኋላ ኮሚሲዮኑ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ውሳኔውን አሰማ። እያንዳንዱ ወገን በራሱ ምድር ላይ ያለ መስሎት ስለነበረ ሁለቱም መንግሥታት በግጭቱ ተጠያቂ አይደሉም አለ። የጣልያን ክስ በዚህ ወደቀ፤ የኢትዮጵያም አቤቱታ መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ከዚያ ውሳኔ በኋላ ሠላሳ ቀን ብቻ አለፈ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። በኦጋዴን በኩል በግራዚያኒ የሚመራው ጦር የጎራሄን ምሽግ በአውሮፕላን ሲደበድብ፣ አዛዡ አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ቆስሎ ሳለ ምሽጌን ትቼ አልሄድም ብሎ በዚያው ሕይወቱ አለፈች። በመጋቢት ወር ጅጅጋና ሐረር በቦምብ ተቃጠሉ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በጣልያን ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅ ዘይትን ከማዕቀቡ ውጭ አደረገ፤ የስዌዝ ቦይም ለወራሪው መርከብ ክፍት ሆኖ ቆየ። ግንቦት 1928 ዓ.ም. ላይ ከሐረር የመጣው የግራዚያኒ ጦርና ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የባዶሊዮ ጦር የተገናኙት በድሬዳዋ ነበር። በወልወል ጉድጓድ ዙሪያ የተጀመረው መንገድ በድሬዳዋ ጣቢያ ላይ ተዘጋ።

ከፋሽስት በኋላ ያለው ጉድጓድ

ፋሽስት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላም ወልወል ወዲያው ለኢትዮጵያ አልተመለሰችም። ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እስከ 1941 ዓ.ም. ቆየ። ሐውድ የተባለው የግጦሽ ምድር ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝ የቀድሞውን የጣልያን ሶማሌላንድ በ1942 ዓ.ም. ለጣልያን ሞግዚትነት ስታስረክብ ጊዜያዊ የአስተዳደር መስመር አሠመረች። ጊዜያዊ የተባለው መስመር በተዋዋዮች ስምምነት ቋሚ ሊሆን አልቻለም። በተባበሩት መንግሥታት በኩል የተደረገው ድርድርም ፍሬ ሳያፈራ ሰኔ 24 ቀን 1952 ዓ.ም. ሶማሊያ ነፃ ወጣች።

ቅኝ ገዥዎቹ ሄዱ፤ ያልተፈታው ጥያቄ ግን ለሁለት ድኻ ሕዝቦች በውርስ ቀረ። በ1956 ዓ.ም. ተዋጉ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያ ጦር አብዛኛውን ኦጋዴን ያዘ፤ በነሐሴ ወር ውጊያው የድሬዳዋ ደጅ ድረስ መጣ። በዚያን ወር የተኩሱን ድምፅ በጆሮአቸው የሰሙ ነዋሪዎች ዛሬም በከተማይቱ አሉ። ጦርነቱ በ1970 ዓ.ም. ሲያበቃ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የኦጋዴን ሕዝብ ከጉድጓዱና ከግጦሹ ተነቅሎ በስደተኛ ሠፈር ወድቆ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት መጋቢት 25 ቀን 1980 ዓ.ም. ጦራቸውን ለማራራቅና ግንኙነታቸውን ለማደስ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የሁለቱ አገሮች ወሰንም እስከ ዛሬ በጋራ ስምምነት በምድር ላይ ሙሉ በሙሉ ተከልሎ አላለቀም።

ይህንን ሁሉ ታሪክ ያሳለፈው የወልወል አርብቶ አደር ግን ጂላል በገባ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ዘንድሮ ውሃ አለ ወይ? ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ ያየ ሕዝብ መንግሥትን የሚመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

የታሪኩ ትምህርት

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በወረቀት ላይ ተሠምሮ በምድር ላይ ያልተከለለ ድንበር የወራሪ መግቢያ ነው። ወረቀቱን በጥንቃቄ መጠበቅ፣ ውሉን ማወቅ፣ ካርታውን ማስተማር የአገር መከላከያ አንዱ ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ የጠረፍ መንደር በጦር ሠፈር ብቻ አትጠበቅም። ውሃ ማውጫው፣ የከብት ሐኪሙ፣ ትምህርት ቤቱና መንገዱ ከምሽግ ይልቅ ሥር አላቸው። ጉድጓዱን የሚያለማለት መንግሥት እንዳለው የሚያውቅ ሕዝብ ለማንም ቅጥረኛ አይሆንም። ሦስተኛ፣ መስመር ሲሠመር የሕዝቡ የስምምነት ሕግ፣ የግጦሹና የውሃው ተራ ካልታሰበበት ድንበሩ በየበጋው ደም ያፈስሳል።

አራተኛው ትምህርት የድሬዳዋ ሠራተኛ የራሱ ነው። ዛሬ ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ባለቤቶቹ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ሲሆኑ ድርሻቸውም 75 እና 25 በመቶ ነው። ድሬዳዋም ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ የመጀመሪያ የነፃ ንግድ ቀጣና ሆናለች። በ1927 ዓ.ም. አክሲዮኑ በሮም እንደ ሸቀጥ ከተለወጠው ሐዲድ ጋር ሲነጻጸር ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ሐዲድ የተሠራው በአብዛኛው ከቻይና በተገኘ ብድር ነው፤ ባለቤትነት የሚጸናውም ዕዳ ሲከፈል፣ ሥራው በአገር ልጅ እጅ ሲገባ፣ ሠራተኛውም ሙያውን ሲጨብጥ ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ፣ ዕቃውን የሚጭንና የሚያወርድ፣ ሐዲዱን የሚጠግን ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ረገድ የጠረፍ ጠባቂ ድርሻ አለው።

በየቀበሌው ስብሰባና በየፋብሪካው የውይይት ሰዓት ስለ ዳር ድንበር ሲነሣ ወልወል ትታወስ። የወደቁትን ለማሰብ ብቻ ሳይሆን፣ በ1927 ዓ.ም. ዳኞች እንዳይጠይቁ የተከለከሉትን ጥያቄ ለመጠየቅ ትታወስ። ጉድጓዱ የማን ነው? የሚጠጣበትስ ማን ነው? ሐዲዱ የማን ነው? የሚሠራበትስ ማን ነው? ይህንን ጥያቄ ሠራተኛውና አርብቶ አደሩ አንድ ላይ ሆነው እስከ ጠየቁ ድረስ፣ በሌላ አገር ገበታ ላይ ተቀምጦ መልሱን በስማቸው የሚሰጥ አይኖርም።